የዋና ዋና አሰልጣኟ፦ ስለ ቴሪ ማክኪቨር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጄ ዋና ከጀመረች ወዲህ ቅዳሜ ጠዋቴን የማሳልፈው ገንዳ ዳር ነው። ክሎሪን ክሎሪን የሚል ወበቅ፣ የማያቋርጥ ፊሽካ፣ የቀዘቀዘ ቡና። እኛ ሐበሻ ወላጆች አንድ ጥግ ይዘን እንቀመጣለን። እነሱ ይዋኛሉ፣ እኛ እናወራለን። ልጆቹ ከፍ እያሉ ሲሄዱ ወሬው ወደ ኮሌጅ ማዘንበሉ አይቀርም። የኮሌጅ ዋና ከተነሳ ደግሞ የቴሪ ማክኪቨር ስም ይከተላል። አንዱ «ጀግና ናት» ይላል። ሌላው «እሷማ ተባረረች አይደል እንዴ?» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቴሪ ማክኪቨር ማን ናት?

አሜሪካዊት የዋና አሰልጣኝ ናት። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ፣ ተማሪዎቹ ባጭሩ «ካል» በሚሉት፣ የሴቶቹን ቡድን ከ1992 ጀምሮ ለ30 ዓመት ያህል አሰልጥናለች። የአገሪቱን የኮሌጅ ሻምፒዮና 4 ጊዜ አሸንፋለች። በ2012 ለንደን ላይ የአሜሪካን የሴቶች ኦሊምፒክ ዋና ቡድን መራች፤ ከእሷ በፊት ያንን ቦታ የያዘች ሴት አልነበረችም። በጃንዋሪ 2023 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አሰናበታት።

«የዋና አሰልጣኝ» ነው የሚባለው ወይስ «ዋና አሰልጣኝ»?

ሁለቱም። አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ይቀልድብናል። ገንዳ ውስጥ የሚዋኘውም ዋና ነው፣ የበላዩም ዋና ነው። ስለዚህ እሷ የዋና ዋና አሰልጣኝ ናት።

ቀልዱ ግን ቁም ነገር አለው። የዋና ረዳት አሰልጣኝ የሆነች ሴት ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። ሰዓት ትይዛለች፣ ልጆቹን ታጽናናለች፣ ጉዞ ታስተካክላለች። ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለውን የምትወስነዋ፣ ሲሸነፉ ተጠያቂዋ፣ በጀቱን የምትፈርመዋ ሴት ግን ብርቅ ናት። የማክኪቨር ታሪክ በሙሉ በሁለተኛዋ «ዋና» ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከየት ተነሳች?

ከስፖርት ቤት ነው። አባቷ ማይክ ማክኪቨር ከመንታ ወንድሙ ከማርሊን ጋር ለደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል የተጫወተ ስመ ጥር ሰው ነበር። የመኪና አደጋ ደርሶበት ለረጅም ጊዜ ራሱን ሳያውቅ ከቆየ በኋላ በ1967 ሞተ። ቴሪ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች።

እሷም ያንኑ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዋኘች፣ ቀጥላም እዚያው ረዳት አሰልጣኝ ሆነች። ከዚያ በፍሬስኖ ስቴት የራሷን ቡድን ያዘች። በ1992 በርክሊ ስትገባ ቦታውን የተረከበችው ከካረን ሞ ቶርንተን ነው። ካረን በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በ200 ሜትር የቢራቢሮ ዋና ወርቅ ያገኘች ዋናተኛ ናት። ሴት ለሴት ነው ያስረከበችው ማለት ነው። በዚያን ጊዜም ሆነ ዛሬ በትልልቆቹ የዋና ኮሌጆች ይህ ብዙ አይታይም።

የሴቶችን ቡድን ሴት ብታሰለጥን ምኑ ነው የሚደንቀው?

ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል፤ መልሱ ሰው ከሚጠብቀው የተገለበጠ ነው።

በ1972 አሜሪካ «ታይትል ናይን» የሚባል ሕግ አወጣች። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ ማዳላት አይችልም የሚል ነው። ስፖርትም በዚሁ ውስጥ ተካተተ። ከዚያ በፊት አንድ ኮሌጅ የሴቶች ቡድን ካለው አሰልጣኟ አብዛኛውን ጊዜ የስፖርት ትምህርት መምህርቷ ነበረች። ደሞዟን የምታገኘው በማስተማሯ ነው፤ ማሰልጠኑ ምርቃት ነው። የሚሻማት ስላልነበረ ከመቶ የሴቶች ቡድን ከ90 በላይ የሚሆነውን ሴቶች ያሰለጥኑት ነበር።

ሕጉ ሲወጣ ገንዘብ መጣ፣ ስኮላርሺፕ መጣ። ደሞዙ ደህና ሆነ። ደሞዙ ደህና ሲሆን ወንዶቹ መጡ። ዛሬ የሴቶችን የኮሌጅ ቡድን ከሚያሰለጥኑት ውስጥ ሴቶቹ ግማሽ አይሞሉም። ዋና ላይ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ሕጉ ለሴት ልጆች በሩን ከፈተ፣ በዚያው በር ሴት አሰልጣኞቹ ተገፍተው ወጡ።

ስለዚህ ማክኪቨር የመጀመሪያዋ ሴት አሰልጣኝ አይደለችም። ከእሷ በፊት እነ ሞና ፕለመር ነበሩ። ሞና በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ 8 ብሔራዊ ዋንጫ የሰበሰበች ሴት ናት፤ ቴምፒ ከተማ ያለው የዩኒቨርሲቲው ገንዳ ዛሬም በስሟ ይጠራል። የእሷ ዘመን ውድድር የሚካሄደው ሴቶች ራሳቸው በሚመሩት ማኅበር ነበር። ኤንሲኤኤ፣ ማለትም ዛሬ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ትልቁ ድርጅት፣ የሴቶችን የዋና ሻምፒዮና የጀመረው በ1982 ነው። የሴቶቹ ማኅበር ከዚያ በኋላ አልቆየም፤ ፈረሰ።

የማክኪቨር አዲስነት ሌላ ነው። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ፣ ፉክክሩ ከከረረ በኋላ፣ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ከላይ የተገኘች ሴት ናት።

የኮሌጅ ዋና ከኦሊምፒኩ በምን ይለያል?

በገንዳው። ኦሊምፒክ 50 ሜትር ገንዳ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮና 25 ያርድ ነው፣ 23 ሜትር እንኳን አይሞላም። ገና ከመጀመርሽ ግድግዳው ይመጣል። ትዞሪያለሽ፣ በእግር ትገፊያለሽ፣ እንደገና ግድግዳ። ስለዚህ ሲዞር ቀልጣፋ የሆነ፣ ከግድግዳ ሲነሳ ውሃ ውስጥ የሚበርር ልጅ ይጠቀማል።

ሌላው ልዩነት ቡድን መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ነጥብ አለው። አሥራ አምስተኛ የወጣች ልጅም ለቡድኗ ታዋጣለች። ኦሊምፒክ ላይ አሥራ አምስተኛ ማንም አያስታውሳትም። ልጄ ይህን ስነግራት «ታዲያ ኮሌጅ ይሻላል» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ዋናተኛዋን ናታሊ ኮግሊንን ያዳነቻት እሷ ናት ይባላል። እውነት ነው?

«ማዳን» ትልቅ ቃል ነው፤ ግን ነገሩ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ናታሊ በ1998 ገና ጉርምስና ላይ እያለች በአሜሪካ የበጋ ሻምፒዮና ለሴቶች በተዘጋጁት 14 ውድድሮች በሙሉ ማጣሪያ ሰዓት አሟላች። ከዚያ በፊት ይህን ያደረገች አልነበረችም። በጀርባ፣ በደረት፣ በቢራቢሮ፣ በነጻ ዋና፣ በአጭሩ፣ በረጅሙ። በማግሥቱ ዓመት ትከሻዋ ተጎዳ። በ2000 ለሲድኒ ኦሊምፒክ ሳትመረጥ ቀረች። በዚያው ዓመት በርክሊ ስትገባ ትከሻዋም ልቧም የዛለ የ18 ዓመት ልጅ ነበረች።

በዚያን ጊዜ የዋና ስልጠና ማለት ኪሎ ሜትር መቁጠር ነበር። ጠዋት በጨለማ ትገቢያለሽ፣ ማታ ትመለሻለሽ፣ ያው መሄድ፣ ያው መምጣት። የበለጠ የዋኘ ያሸንፋል የሚል እምነት ነው። የትከሻ ጉዳት በዋናተኛ ላይ የሚበዛው ክንድ በየቀኑ ሺህ ጊዜ በዚያው መንገድ ስለሚዞር ነው። ማክኪቨር ርቀቱን ቀነሰችና ጥያቄውን ለወጠችው። ስንት ዋኘሽ ሳይሆን እንዴት ዋኘሽ አለች። ፒላቴስ አስገባች፣ ዮጋ አስገባች፣ ዳንስ ሳይቀር። ሚልት ኔልምስ የሚባል፣ ሰውነት ውሃ ላይ እንዴት መተኛት እንዳለበት ሲያጠና የኖረ ሰው ጋብዛ አብራው ሠራች። (ለነገሩ ሰውየው የቀድሞዋ የአውስትራሊያ ኮከብ የሼን ጉልድ ባል ነው። የዋና ዓለም ትንሽ ናት።)

ውጤቱን ለማየት ናታሊ በጀርባ ስትነሳ የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጋችሁ ተመልከቱ። ግድግዳውን ይዛ ትንጠለጠላለች። ድምፁ ሲሰማ ወደ ኋላ ተወርውራ ጀርባዋን እንደ ቀስት ትለጥጥና ትጠልቃለች። ከዚያ ትጠፋለች። ሁለት እጇን ከራሷ በላይ አጣምራ፣ ሁለት እግሯን ገጥማ፣ ከወገቧ ጀምሮ እንደ ዓሣ ትገርፋለች። ሌሎቹ ወጥተው ክንድ ማዞር ጀምረዋል፤ እሷ ገና ከሥር ናት። ሕጉ የሚፈቅደው 15 ሜትር ነው። ብቅ ስትል ቀድማለች። በዚያ ሁሉ መንገድ ትከሻዋ አንድም ጊዜ አልዞረም።

በ2002 100 ሜትር የጀርባ ዋናን በ59.58 ሰከንድ ጨረሰች። ከአንድ ደቂቃ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2004 አቴንስ 5 ሜዳሊያ፣ በ2008 ቤጂንግ 6። በአንድ ኦሊምፒክ 6 ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት እሷ ናት። በ2012 ለንደን አንድ ስትጨምር 12 ሞላች። ማክኪቨር በአቴንስና በቤጂንግ ረዳት አሰልጣኝ ሆና ነበረች።

ከናታሊ ሌላ እነማን አሉ?

ብዙ ናቸው። እኔ ሁሌ የማነሳት ዴና ቮልመርን ነው። በልጅነቷ የልብ ምት ችግር ኖሮባት ኦፕራሲዮን ተደረገች፤ ከዚያ በኋላም እናቷ ልብ የሚያስነሳውን መሣሪያ ይዘው በየውድድሩ ገንዳ ዳር ይቀመጡ ነበር። እኛ ቡና ይዘን ነው የምንቀመጠው። በ2008 ለቤጂንግ ሳትመረጥ ቀረች። በ2012 ለንደን ላይ ግን 100 ሜትር ቢራቢሮን በ55.98 ሰከንድ ጨርሳ ወርቁንም የዓለም ክብረ ወሰኑንም ወሰደች። ከ56 ሰከንድ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ሚሲ ፍራንክሊን ለንደን ላይ በ17 ዓመቷ 4 ወርቅና 1 ነሐስ አግኝታ፣ የማስታወቂያውን ገንዘብ «ቆይ» ብላ፣ በኮሌጅ ለመዋኘት በርክሊ ገባች። ካትሊን ቤከር የሆድ ዕቃ ሕመሟን፣ ክሮንስ የሚባለውን፣ ይዛ በ2016 ሪዮ ላይ በ100 ሜትር ጀርባ ብር አመጣች።

ስንት ጊዜ ዋንጫ በላች?

4 ጊዜ፦ 2009፣ 2011፣ 2012፣ 2015።

ለንደን ላይ የአሜሪካ ሴቶች እንዴት ነበሩ?

ገንዳው ውስጥ ብቻ 8 ወርቅ። ሚሲ ሁለቱን የጀርባ ውድድሮች፣ ዴና ቢራቢሮውን፣ አሊሰን ሽሚት 200 ሜትር ነጻውን፣ ሬቤካ ሶኒ 200 ሜትር ደረቱን። 800 ሜትሩን ደግሞ ገና 15 ዓመቷ የነበረች ኬቲ ሌደኪ የምትባል ልጅ ወሰደችው፤ ከዚያ ወዲህ ማን እንደሆነች ዓለም ያውቃል። የቀሩት ሁለቱ የቅብብል ናቸው።

እርግጥ ብሔራዊ ቡድን ማለት ከየክለቡ የተሰበሰበ ነው። ሌደኪን ያሳደጋት የራሷ አሰልጣኝ ነው፣ ሽሚትንም እንዲሁ። የኦሊምፒክ ዋና አሰልጣኝ ሥራ በየራሳቸው አሰልጣኝ የለመዱ ልጆችን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ቡድን ማድረግ ነው። ያንን ሥራ ሴት ትችለዋለች ወይ የሚለው ክርክር በዚያ ሳምንት ተዘጋ።

ታዲያ ለምን ተባረረች?

በሜይ 2022 የደቡብ ካሊፎርኒያ ጋዜጦች አንድ ረጅም ዘገባ አወጡ። 19 የካል የቀድሞና የወቅቱ ሴት ዋናተኞች ተናግረውበታል፤ ወላጆችም አሉበት። አሰልጣኟ ትጮህብን ነበር፣ ትሰድበን ነበር፣ በሰው ፊት ታዋርደን ነበር፣ ታመን ወይም ተጎድተን እያለ ዋኙ ትለን ነበር አሉ። በየዓመቱ አንድ ሁለት ልጅ ለይታ ታሳድድ ነበር ያሉም አሉ። አንዳንዶቹ ሕይወታቸውን እስከ መጥላት እንደደረሱ ተናገሩ።

ዩኒቨርሲቲው ወዲያው ከሥራ አገዳት። ጉዳዩን ለገለልተኛ የሕግ ቢሮ ሰጠ። ምርመራው ወራት ፈጀ፣ ሪፖርቱ ወደ 500 ገጽ ተጠጋ። ጃንዋሪ 31 ቀን 2023 ዩኒቨርሲቲው ሪፖርቱን መሠረት አድርጎ አሰናበታት።

እሷ አልተቀበለችውም። ማንንም አላሰቃየሁም፣ በማንም ላይ አላዳላሁም ብላ የሪፖርቱን መደምደሚያ ሙሉ በሙሉ ክዳለች።

ወንድ ብትሆን ኖሮ ይህ ይደርስባት ነበር?

ይህን ጥያቄ የእሷ ወገን ራሱ አንስቶታል። ሲጮህ «ጠንካራ» የሚባል ወንድ አሰልጣኝ ሞልቷል፣ ሴት ስትጮህ ግን ስሙ ይለወጣል የሚል ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። በየገንዳው ዳር ልጅን አፈር ድሜ እያስገቡ ሻምፒዮን አደረግን የሚሉ ወንዶች ለስንት ዓመት ሲሸለሙ ኖረዋል። ግን ይህ የእነሱን ጉዳይ ያከብደዋል እንጂ የእሷን አያቀልም። የተናገሩት ወጣት ሴቶች ናቸው። «እከሌም ይሳደብ ነበር» ብሎ ለእነሱ መመለስ አይቻልም።

የማይገጥምልኝ ሌላ ነገር አለ። ለአንዷ «ትከሻሽን እናሳርፈው» ብላ ርቀት የቀነሰች ሴት፣ ሌሎቹ «ታመን እያለ ዋኙ አለችን» የሚሏት እንዴት ያችው ልትሆን ቻለች? ኮከቧ ላይ የታየው ትዕግሥት ለአሥራ አምስተኛዋ ልጅ አልደረሰ ይሆን? መልሱን ለመስጠት አልደፍርም። ብቻ ገንዳ ዳር ተቀምጬ ሳስበው ብዙ ቅዳሜ አልፏል።

ስሟ ከታሪክ ይሰረዛል ማለት ነው?

አይሰረዝም፣ መሰረዝም የለበትም። ዋንጫዎቹ የዋኙት ልጆች ናቸው። የ2012ቱ ቀዳሚነትም የሆነ ነገር ነው። ስሟን ስናነሳ ግን የ2012ቱን ተናግረን የ2023ቱን መዋጥ ወይም በተቃራኒው አይሆንም። በነገራችን ላይ ሌሎች ሴቶችም አሉ። ካሮል ካፒታኒ በ2012 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቡድን ተረከበች፤ ያም ከትልልቆቹ አንዱ ነው።

ልጄ ኮሌጅ ገብታ መዋኘት ትፈልጋለች። ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ቀኑን እወቁ። በአንደኛው ዲቪዚዮን፣ ማለትም በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን፣ የኮሌጅ አሰልጣኞች ልጅን በቀጥታ ማነጋገር የሚችሉት አሥረኛ ክፍል ከጨረሰች በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ልጃችሁ ግን ከዚያ በፊትም ኢሜይል መላክ ትችላለች፤ መልስ ባይመጣ አትደንግጡ፣ ሕጉ ነው። ሦስተኛው ዲቪዚዮንና እነ ሃርቫርድ ያሉበት አይቪ ሊግ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ እንደ ገቢያችሁ የሚሰጥ ሌላ እርዳታ ግን አለ። ይህን ሳያውቅ የተናደደ አባት አይቻለሁ።

ግቢውን ስትጎበኙ ገንዳው ያምራል፣ ቲሸርቱ ያምራል፣ ሁሉም ሰው ፈገግ ይላል። ልጆቹን ለብቻቸው አግኟቸው። አምና ስንት ልጅ ቡድኑን ለቃ ወጣች ብላችሁ ጠይቁ። ከተቻለ ከለቀቁት አንዷን በስልክ አግኙ። ትልቁ ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፦ ልጅ ትከሻዋን ሲያማት እዚህ ቡድን ውስጥ ማን ነው የሚወስነው፣ ሐኪሙ ነው ወይስ አሰልጣኙ?

እኛ ሐበሾች «አስተማሪ ካለ አለ ነው» ብለን ነው ያደግነው። ይህን ጥያቄ አሰልጣኝ ፊት መጠየቅ አፍ ላይ ይከብዳል። እኔም ለአንዱ አሰልጣኝ ስጠይቀው ላብ አጥምቆኛል። ሰውየው ግን አልተቆጣም፤ ወደ ረዳቱ ዞሮ «አንቺ ንገሪያቸው» አለ። ረዳቷ መለሰች፣ ጥሩ አድርጋ። ልጄ ወደ መኪናው ስንሄድ «እማዬ፣ እሷ ለምን ዋና አልሆነችም?» አለችኝ።